ግራዋ የቀመሰ ቡና

ሰርቦ፣ ጥር 29 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለሩፈይዳ
ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እኔም፣ አክስትሽ ሳቢሃም፣ ላሟም ጥጃዋም አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ቲጃኒ ከስተሻል አለኝ። የሚኒባስ ሾፌር ስለ ሰው ክሳት ምን ያውቃል ብዬ ንቄዋለሁ፤ ቢሆንም ብዪ።

ስልኬን ስለማላነሳ አትቀየሚኝ። ተበላሽቶብኝ ነው ብዬ አልዋሽሽም። ሰሞኑን የሰው ድምፅ ይከብደኛል፣ ያንቺ ደግሞ ይብስብኛል። ሳቢሃ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ስታየኝ «ልጅቷ ዐረብ አገር ሄደች እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ። እውነቷን ነው፤ ከሰርቦ ጅማ ምን አላት።

በቲጃኒ ያስጠየቅሽኝን ልመልስልሽ። የቡና ማድረቂያ አልጋዎቹ እግር አልበሰበሰም። ሰኔ ላይ የግራዋ ቅጠልና የብሳና ቅርፊት አፍልተን ከቀባናቸው ቋሚዎች አንዱን ነቅዬ አየሁት። ክረምቱን ሙሉ ጭቃ ውስጥ ቆሞ፣ በመጥረቢያ ጀርባ ስመታው እንደ ደረቅ ሙቀጫ ጮኸ። ለማነጻጸሪያ ብለሽ ሳይቀባ ያስተከልሽው ባሕር ዛፍ ግን አፈር የነካው ቦታ ላይ ነጭ ሻጋታ ለብሶ ጣቴን ብሰድበት ገባ። ክረምት በመጣ ቁጥር አልጋ እየወደቀብን ቋሚ ስንቀይር ለኖርን ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መድኃኒትሽ ሠርቷል፤ ለአስተማሪዎችሽ እንዲህ ብለሽ ንገሪያቸው።

ስለ ቡናውም ጠይቀሻል። ቡናው ደርቋል፣ ተጭኗል፣ ሄዷል። ቡና ነው፤ ይሄዳል።

የረመዳንን መግቢያ እዚህ ለመያዝ ማሰብሽን ሰምቻለሁ። ዘንድሮ ይቅርብሽ። መንገዱ አቧራ ነው፣ ትምህርትሽም ማለቂያው ላይ ነው። ሳቢሃ ማር ልካልሻለች፤ ቲጃኒ ክዳኑን ከፍቶ እንዳልቀመሰው እይው።

አጎትሽ አብዱልፈታሕ


ጅማ፣ የካቲት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድዎት አጎቴ

ወዓለይኩሙ ሰላም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ማሩ ደርሶኛል፣ ክዳኑም ደህና ነው።

ከተወለድኩ ጀምሮ «አትምጪ» ብለውኝ አያውቁም። ከዒድ በፊት ነይ፣ ከዒድ በኋላም ቆዪ የሚሉኝ ሰው መንገዱ አቧራ ነው አሉኝ! አቧራ መቼ ጠፍቶበት ያውቃል? ስለዚህ ቡናው የት እንደ ሄደ ራሴ ፈልጌ አገኘሁት።

እዚህ ጅማ ቡና የሚቀመስበት ቤት የምትሠራ፣ አብራኝ የተማረች ሶሲ የምትባል ልጅ አለች። የሰርቦውን ልቅመስ ብያት ማንኪያ ሰጠችኝ። አፌ ሳይደርስ የግራዋው ሽታ ነገረኝ። ቀማሾቹ «ጋን የታጠበበት» የሚል ስም አውጥተውለታል አለችና ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። አጎቴ፣ እኔም ሳቅሁ! ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ ማለት ሲገባኝ ማንኪያውን አጥቤ መለስኩላት።

ቡና ሽታ እንደሚስብ ሳላውቅ ቀርቼ ነው? አክስቴ ሽንኩርትና የቡና ጆንያ አንድ ክፍል አታሳድርም፤ ላምባ የነካ እጅ ቡናዋ አጠገብ አይደርስም። እዚያ ቤት አድጌ ግራዋ የጠጣ የአልጋ ርብራብ ላይ እርጥብ ቡና አስጣሁ። ላቦራቶሪ ውስጥ ከጣት የማትበልጥ ቁራጭ እንጨት ላይ የሚያበሰብሰው ፈንገስ ሲሞት አየሁና ከእንጨቱ ሌላ አልታይ አለኝ። የህዳሩ ዝናብ ሲመጣ ምሬቱ ከእንጨቱ ታጥቦ ወዴት እንደሚሄድ አላሰብኩም። የቡና አገር ልጅ ሆኜ።

ከሁሉ የባሰው ግን ሌላ ነው። ትናንት ሂርማታ ገበያ ጎረቤታችንን አዴ ወርቂቱን አገኘኋቸው። እርስዎ በጎረቤቶቹ ሁሉ ፊት ቆመው «ልጅቷ ቋሚውን ብቻ ቀቡ ብላኝ ነበር፤ ርብራቡም አይበስብስ ብዬ እስከ ጠርዝ ያስቀባኋችሁ እኔ ስስታሙ ነኝ» እንዳሉ ነገሩኝ። ይህን ብለው ዓይን ዓይኔን እያዩ ቆሙ። እኔ ዘንቢላቸውን ተሸክሜ መኪና ድረስ ሸኘኋቸው።

እኔ ቋሚውን ብቻ አላልኩም። አልጋው በተቀባበት ቀን ስደውልልዎ «ከእግር እስከ ጠርዝ፣ ምንም ሳታስቀሩ ቀቡት» ያልኩት እኔ ነኝ። «ርብራቡንም?» ብለው ጠይቀውኝ «እሱንም» አልኩዎት። ሙሉ አልጋው የተቀባበት ፎቶ ለመመረቂያ ጽሑፌ ያምርልኛል ብዬ ነው። ታዲያ ለምን እንደዚያ አሉ? እውነቱን ልንገራቸው? ንገሪ ካሉኝ ነገ እመጣለሁ።

ልጅዎ ሩፈይዳ


ሰርቦ፣ የካቲት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን።

ነገ አትምጪ። ከነገ ወዲያም አትምጪ። ወርቂቱ ግን ገበያ የምትሄደው ለመሸመት ነው ለማውራት?

ለምን ብለሽኛል። ሄዷል ያልኩሽ ቡና ከጅማ ተመልሶ የመጣ ቀን በጋራ የምናደርቀው ጎረቤታሞች ሁሉ መጋዘኑ በር ላይ ቆመን ነበር። እፍኝ አንስቶ ያላሸተተ የለም። ሙስዓብ «እንግዲህ ትምህርት የሚባለው ነገር» ብሎ ጀመረ። ልጁ ኢፍቱ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ኮሌጅ ልትገባ ነው፤ በዚህ መንደር ከአንቺ ቀጥላ የምትሄድ ሴት ልጅ እሷ ናት። ንግግሩን እስኪጨርስ አልጠበቅሁም። ተነሳሁና ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ።

ሽማግሌ ሲሳሳት አርጅቷል ይባልና ያልፋል። የተማረች ልጅ ስትሳሳት ግን ወቀሳው ለትምህርቱ ነው፤ ከኋላዋ ባሉት ላይ ሁሉ በር ይዘጋል። ደግሞስ የሰውን ነውር የሸፈነ የእሱን ነውር አላህ በዱንያም በአኺራም ይሸፍንለታል ተብሎ የለ? አንቺ ለእኔ ሰው ብቻ አይደለሽም። እናትሽ አደራ ብላ የሰጠችኝ ነሽ።

እንዴት አደረጉህ ብለሽ እንዳትጨነቂ ልንገርሽ። ማንም አልሰደበኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ከበፊቱ ይበልጥ አከበሩኝ፤ ሳልፍ ከተቀመጡበት ይነሳሉ፣ ሀቢቡላህ እንኳ ያ ኩሩ ቀድሞኝ ሰላም ይላል። ይህ ክብር ከምን እንደ መጣ አላውቅም፣ ያስፈራኛል። የመጋዘኑን ቁልፍ ራሴ ለደሬሳ አስረከብኩ፤ የሰው ቡና ያበላሸ እጅ ቁልፍ አይይዝም። መስጊድም ጉልበቴን አሞኛል እያልኩ ቤቴ እሰግዳለሁ። ጉልበቴ ምንም አልሆነም።

አንቺ ዝም በይና ጽሑፍሽን አቅርቢ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የኢፍቱን ነገር አስቢ።

አጎትሽ አብዱልፈታሕ


ጅማ፣ የካቲት 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድዎት አጎቴ

ረመዳን ከሪም። ጾሙን አላህ ይቀበልዎ።

ለምን ጠፋሽ ብለው ቲጃኒን ልከዋል። የጠፋሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ አስነግሬዎት ነበር፤ አይደለም። ዝም በይ ሲሉኝ ደስ ስላለኝ ነው። ደብዳቤዎን አንብቤ መጀመሪያ አለቀስኩ፣ ቀጥሎ ግን ከላዬ ሸክም የወረደልኝ ያህል ተነፈስኩ። ይህን ለእርስዎ መጻፍ አፈርኩ።

አሁን የምነግርዎ ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ጽሑፌን ባለፈው ሳምንት አቀረብኩ። የነቀሉትን ቋሚና ያልተቀባውን ጎን ለጎን በፎቶ አሳየሁ፤ አዳራሹ ውስጥ «ወይ ጉድ» ያላለ የለም። ዋጋው ርካሽ፣ ቅጠሉ ከአጥር የሚቆረጥ፣ ከውጭ የሚመጣ ኬሚካል የማያስፈልገው እያልኩ ስናገር ራሴን ወደድኩት። መጨረሻ ላይ አንድ ሰው እጁን አወጣና «ቡናው ከዚህ እንጨት ጋር ሲነካካ ጣዕሙ አይለወጥም ወይ?» አለኝ። ምናልባት ሰምቷል፣ ምናልባት አልሰማም። ምን አልኩት መሰለዎት?

«ገበሬዎቹ ከተነገራቸው በላይ ስለቀቡ በአንድ ቦታ ችግር ታይቷል» አልኩ።

ገበሬዎቹ! እናቴ ስትሞት በትከሻው ተሸክሞ ከጅሬን ሰርቦ ያመጣኝን ሰው «ገበሬዎቹ» አልኩት። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው። እርስዎ ስለ እኔ የተናገሩትን ውሸት ወስጄ መልሼ በእርስዎ ላይ መሰከርኩበት። አማካሪዬ ዶክተር ዓምደሚካኤል ራሳቸውን ነቅንቀው «ማኅበረሰቡ ሥልጠና ያስፈልገዋል» ብለው ጻፉ። ከዚያ ተጨበጨበልኝ።

የዚያን ቀን ላፈጥር ቴምር አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። አብራኝ የምትኖረው ልጅ አሞሻል ወይ አለችኝ። አዎ አልኳት። አሁን እንግዲህ ምን ይሉኛል? ይስደቡኝ። እባክዎ ዝም ብለው እንዳያልፉኝ።

ሩፈይዳ


ሰርቦ፣ የካቲት 23 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሩፈይዳ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ስድብ ለምነሻል፤ በረመዳን አልሳደብም።

አዝኛለሁ። እኔ የዋሸሁት በራሴ ላይ ነው፣ አንቺ የዋሸሽው በእኔ ላይ ነው። ልዩነቱን ሳታውቂው አትቀሪም። ግን ውሸቱን ሠርቶ በእጅሽ ያስጨበጠሽ ማን ነው? ስለዚህ ብቻሽን አትፈሪ፣ እኔም አፍሬያለሁ። እንደ ሸፈንኩሽ እየመሰለኝ መበስበስ አስተማርኩሽ።

ከእንግዲህ ዝም በይ አልልሽም፤ ተናገሪም አልልሽም። ትልቅ ሰው ነሽ።

ሳቢሃ ሳታነብልኝ አታሽገውም ብላ ሁሉን ሰማች። ይህን ጨምርልኝ አለች፤ «እኔ ስለ ቡና ሳላስተምራት ቀርቼ ነው እያልኩ ስብሰለሰል ከረምኩ። ለካ አውቃ ነው የረሳችው። በላት።»

አብዱልፈታሕ


ጅማ፣ መጋቢት 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአጎቴ

የት ነበርሽ ብለው እንደሚጠይቁኝ አውቃለሁ፤ ቲጃኒ ነግሮዎት ይሆናል። ባለፈው ጁምዓ ሰርቦ ድረስ መጥቼ ነበር። ከመኪና ወርጄ አልጋዎቹ አጠገብ ሰዎች ቆመው አየሁ። እርስዎ ከመካከላቸው አልነበሩም። ከመንገዱ ማዶ ከደጃፍዎ ላይ ሆነው በሩቁ ያዩአቸው ነበር። በዚያው በቲጃኒ ሚኒባስ ተመለስኩ።

አንዱን ግን አድርጌያለሁ። ዶክተር ዓምደሚካኤል ቢሮ ገብቼ ማን ምን እንዳለ ነገርኳቸው። እሳቸውም «ሥልጠና የሚያስፈልገው ማን እንደ ሆነ አስተካክለሽ ጻፊ» አሉኝ። ዘንድሮ አልመረቅም። የሚመጣውን ክረምት እንጨቱን ዝናብ ላይ አቁሜ፣ ምን ያህሉ እንደሚታጠብና ቡናውን እንደሚነካ ለክቼ እንደገና አቀርባለሁ።

ከዚህ ጋር ያያያዝኩትን ወረቀት ለሁሉም ያንብቡላቸው። ለእኔ ብለው አንድ ቃል እንዳይቀንሱ፣ በአላህ።

ሩፈይዳ

ለሰርቦ ጎረቤቶቼ፣ አብራችሁ ቡና ለምታደርቁ ሁሉ

አሰላሙ ዓለይኩም፤ ለአዴ ወርቂቱም ጤና ይስጥልኝ።

አጎቴ አልጋውን እስከ ጠርዝ ያስቀባሁት እኔ ነኝ ያሏችሁ ውሸት ነው። ከእግር እስከ ጠርዝ ቀቡት ያልኩት እኔ ነኝ። እሳቸው ርብራቡንም ወይ ብለው ጠይቀውኝ ነበር፣ አዎ አልኳቸው። የዓመት ድካማችሁን ጋን የታጠበበት ያስባልኩት እኔ ነኝ። ይህን ካወቅሁ በኋላም ዝም አልኩ። ጅማ ላይ ሰው ሲጠይቀኝ ደግሞ ጥፋቱን ወደ እናንተ ገፋሁት።

መድኃኒቱ ከመሬት በታች ላለው እንጨት ጥሩ ነው። ቡና ወደሚነካው እንጨት ግን መድረስ አልነበረበትም፤ ያን ሳልሞክር ነው ያስቀባኋችሁ። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት የእናንተን ነው፣ መልቀሙም አልተቻለኝም።

ኦቦ ሙስዓብ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት። ያጠፋው ትምህርቴ አይደለም። ትምህርቱማ ጠብቂ፣ መጀመሪያ ሞክሪ ነበር የሚለኝ። ያጠፋሁት እሱን አልሰማ ያልኩት እኔ ነኝ። በእኔ ምክንያት ኢፍቱን እንዳያስቀሯት።

ሁላችሁም አፉ በሉኝ። ባትሉኝም እውነት አላችሁ።

ሩፈይዳ


ሰርቦ፣ መጋቢት 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ኢንተላ ኮ፣ አሰላሙ ዓለይኩም።

አነበብክላቸው ወይ ብለሽ ቲጃኒን አስጨንቀሽዋል። አነበብኩላቸው። ሳቢሃ እንደ ጥጃ እየጎተተች ወስዳኝ መጋዘኑ በር ላይ አቆመችኝ። አንድ ቃል አልቀነስኩም።

«ያልኩት እኔ ነኝ» የሚለው ጋ ደርሼ ቀና አልኩ፤ ይቆጣሉ፣ ይደነግጣሉ ብዬ። ማንም አልደነገጠም። ወርቂቱ «በል እንጂ፣ ቀጥል» አለችኝ። እስከ መጨረሻው አነበብኩ። ሙስዓብ «አልሐምዱሊላህ» አለ። «አንድ ቀን ትናገራለች ብለን ነበር። ቆየችብን እንጂ።»

ምን ማለትህ ነው አልኩት።

ልጄ፣ ያን ቀን ስትደውዪልኝ እጄ እስከ ክርኔ ግራዋ ውስጥ ነበር። ስልኩን አልጋው ላይ አስቀምጬ ድምፁን ለቅቄው ነበር። ሁሉም ቡሩሽ ይዘው ዙሪያዬን ቆመው ነበር። «ከእግር እስከ ጠርዝ» ስትዪ እያንዳንዳቸው በጆሯቸው ሰምተውሻል። እኔ ጭንቀቴ እሱን ከአእምሮዬ አጥፍቶት፣ በሰሙሽ ሰዎች ፊት ቆሜ ዋሸሁ። እነሱም አንድ ሰው ሳይጎድል ራሳቸውን ነቅንቀው «እሺ ኦቦ አብዱልፈታሕ፣ ያጋጥማል» አሉኝ። ሲነሱልኝ የከረሙት ለዚያ ነው። ሀቢቡላህ ምን አለኝ መሰለሽ? «አንተ ልጅቷን ስትሸፍን እኛ አንተን ሸፈንን። አቅም ስናጣ ለልጅቷ እንድትነግራት ወርቂቱን ገበያ ላክናት።»

ኢፍቱ ኮሌጅ ከገባች ሰንብታለች። እዚያው አንቺ ያለሽበት ጅማ ነው ያለችው። እኔ ቤቴ ተቀምጬ ስለ እሷ ስጨነቅ፣ እሷ ተመዝግባ፣ አልጋ ይዛ፣ ትምህርት ጀምራለች። ሙስዓብ ይህን ሲነግረኝ ሳቁን መያዝ አልቻለም።

ርብራቡን እያወረዱት ነው፤ በቀርከሃ ይተካል። ቋሚዎቹ ግን ባሉበት ይቆማሉ። ለአዲሶቹም መድኃኒቱን ዳግም እንቀባለን፣ ከመሬት በታች ብቻ። ልጅቷ መጥታ እያየችን ነው የምንቀባው፣ በስልክ አንቀበልም ብለዋል። ሁሉም አፉ ብለውሻል። ሳቢሃም ብላሻለች፣ ትንሽ አስቆይታ።

ደስ ብሎህ ይሆናል ትዪኝ ይሆናል። አላለኝም። ደሬሳ ቁልፉን መልሶ ሊሰጠኝ ቤቴ ድረስ መጣ፤ ሳቢሃን የለም በይው አልኳት። ከዚያች ቀን ወዲህ ደጅ አልወጣሁም። ቡና አበላሽቷል ሲሉኝ አንገቴን ደፍቼ እችለው ነበር። አሁን ግን ይህን ሁሉ ጊዜ እየዋሸሁ እንደሆነ እያወቁ ለእኔ ብለው የተነሱትን ሰዎች በየት በኩል ልያቸው? ስንቱን ሸምግዬ አስታርቄያለሁ፤ እዚህ ላይ ምን እንደሚባል አላውቅም።

ዒድ ደርሷል። ሶላቱ ሜዳው ላይ ነው፣ ሁሉም ይኖራሉ። አትምጪ ያልኩሽን ተይው። ነይና አብረን እንውጣ፤ ብቻዬን አልቻልኩም።

አጎትሽ አብዱልፈታሕ